አንድ ጆሮ ያላት እንስራ

ኑ፣ ተጠጉ። ይህችን ተረት ቆሞ የሚሰማት የለም፤ መሀሏ ላይ የሚያስደነግጥ ነገር አለባት፣ የቆመ ይወድቃል። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ነግሬያት እዚያ ቦታ ስደርስ አሁንም ልቤ ይመታል።

ድሮ ድሮ ነው፤ የቅድመ አያቶቻችን ቅድመ አያቶች ገና ስም ሳይወጣላቸው፣ አገሩም ወሰን ሳይበጅለት። በዚያን ጊዜ አራዊት ሁሉ ቤት ነበራቸው፣ እሳት ያነዱ ነበር፣ ሐሜትም ያውቁ ነበር። ከተራራው ግርጌ አንዲት ምንጭ ነበረች። ከምንጯ ራስ ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ዋርካ ነበረ። ምንጯን የሚጠብቅ ቤት እዚያ ዋርካ ላይ ይኖራል፤ ጥበቃውን ያጣ ዋርካውን ለቆ ይወርዳል። ሕጉ ይኸው ነበር።

ጠባቂው እንዴት ይመረጥ ነበር መሰላችሁ? በጉልበት አይደለም፣ በሀብትም አይደለም። በእንስራ ነው። እያንዳንዱ ቤት ለጌጥ የሚያስቀምጣት አንዲት እንስራ አለችው። ውሃ አይቀዳባትም፣ ጠላ አይጠመቅባትም፤ መስከረም ሲጠባ አደይ አበባ ይሰካባታል፣ በቃ። የምንጯ ጠባቂ የሞተ እንደሆነ አራዊት ሁሉ በመስከረም ጌጥ እንስራቸውን ይዘው ዋርካው ሥር ይሰበሰባሉ። ከሁሉ ያረጀችውን እንስራ ያቆየ ቤት ምንጯን ይረከባል። "ሸክላን የመሰለ ተሰባሪ ነገር ከአያት እስከ ልጅ ያቆየ፣ ውሃ ማቆየት አያቅተውም" ይሉ ነበር። ሞኝነት እንዳይመስላችሁ። እናንተ ቤት አምና ከተገዛው ብርጭቆ ስንቱ ቀርቷል?

እመት ጉሬዛ እዚያ ዋርካ ላይ ተወልዳ እዚያው ያደገች ናት። ጉሬዛን ታውቋታላችሁ፤ ከነካባዋ የተወለደች። ያን ጥቁርና ነጭ ካባዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ስትቀመጥ የባላባት ልጅ መሆኗን ማንም አይነግራትም፣ ራሷ ታውቀዋለች። እናቷ ምንጯን ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁ ኖረው በዚያ ክረምት ሞቱ። እንግዲህ መስከረም ሊጠባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጉሬዛ የእናቷን ጌጥ እንስራ ከጓዳ አውጥታ ብርሃን ላይ አቆመቻት። ከልጅነቷ ጀምሮ በጨርቅ እንደ ተሸፈነች ነው የምታውቃት፤ እናቷ አበባውን ራሳቸው ይሰኩባት ነበር እንጂ ማንንም አያስነኩም ነበር።

ጨርቁን ገለጥ ስታደርግ ጉሬዛ ክው አለች። እንዲህ ክው ብላ አታውቅም።

እንስራዋ ጎባጣ ናት። መልኳ ጠፍቶ አመድ መስሏል። ማቶቷ ላይ፣ ያ ሸክላ እንዳይንከባለል የሚቀመጥበት የገለባ ክብ ላይ፣ ዘመኗን ሁሉ ተቀምጣ መቀመጫዋ ተበልቷል። ይባስ ብሎ ግራ ጆሮዋ የለም፤ ከነትከሻዋ ሥጋ ተገንጥሎ ወድቆ ቦታው እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍት ሆኗል።

"ይችን ታቅፌ ነው ሕዝብ ፊት የምቆመው?" አለች ጉሬዛ። "አለቀልኝ። ዋርካዬን ከእጄ ወሰዱት።"

ወሬ እግር አለው፤ በማግስቱ አያ ቀበሮ ከች አለ። የአያ ቀበሮን ሥራ ማንም በትክክል አያውቅም። አንዳንዱ ነጋዴ ነው ይላል፣ አንዳንዱ ዝም ይላል። መጥቶ አንገቱን ሰበረ።

"እመቤቴ፣ ያጥናዎት። እናትዎ እንዴት ያሉ ነበሩ" አለና ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ የጠረገው ዓይኑ እንስራዋ ላይ አረፈ። አየት አድርጎ ዞር አለ። እንደገና አየት አደረገና ራሱን ነቀነቀ።

"ምን አየህ?" አለች ጉሬዛ።

"ምንም።"

"ተናገር እንጂ፣ አያ ቀበሮ።"

"እኔ በሰው ዕቃ አፌን አላስገባም፣ እመቤቴ። ግን ይህች የገበያ እንስራ ናት። የአሮጌ ዕቃ ዓይን ያለው ገና ከሩቅ ያውቃታል። መቼም ባለ ዓይን ያያል፣ ዓይን የሌለው ይጠይቃል።"

ይህን ሲላት ጉሬዛ ባለ ዓይን መሆን አማራት። ማን ዓይን የለኝም ይላል? "እኔም እኮ አይቻታለሁ" አለች፣ ምንም ሳታይ።

"አወቅኩ፣ ከእርስዎ አይሰወርም" አለ ቀበሮ ጠጋ ብሎ። "እንግዲህ የጥንት እንስራ ጥቁር ናት፣ ፊት ታሳያለች። ከንፈሯ አይጥ የቀመሰው ይመስል ሸረፍ ሸረፍ ያለ ነው። ስትጠጓት ደግሞ ቅቤ ቅቤ ትላለች። እንዲህ ያለች አንዲት ብቻ አውቃለሁ፣ የነገሥታት ደጅ ላይ ቆማ የኖረች። ለማንም አላሳያትም ነበር። ለእርስዎ ግን፣ ለእናትዎ ስል..."

"አምጣት" አለች ጉሬዛ።

በሳምንቱ በነጭ ጋቢ ጠቅልሎ አመጣት። ሲገልጣት ጉሬዛ አፏን በእጇ ያዘች። እንስራዋ ጥቁር ናት፣ ፊት ታሳያለች። ከንፈሯ ሸረፍ ሸረፍ ብሏል። ጠጋ ስትል ቅቤ ቅቤ አላት። አንገቷ ላይ ዙሪያውን የእባብ ጀርባ የመሰለ ጥልፍ ተቀርጾባታል፤ ጆሮዎቿም ሁለቱም አሉ።

"ዋጋዋ የሦስት ዓመት የዋርካ ፍሬ ነው" አለ ቀበሮ።

"በዛ። የሁለት ዓመት" አለች ጉሬዛ።

ሌላ ቀን ቢሆን ቀበሮ ሲከራከር ጀምበር ትጠልቃለች። የዚያን ቀን ግን ወዲያው፣ "ለጎረቤት ብዬ፣ የአንድ ዓመት ይሁን" አለ። ጉሬዛ የራሷን ብልህነት አደነቀች። ሻጭ ከጠየቁት በታች ሲወርድ ብልህ መጠርጠር ነበረበት፤ እሷ ግን ደስ አላት።

"ያቺን አሮጌስ?" አለ ቀበሮ ሲወጣ፣ ድንገት ትዝ ያለው መስሎ። "እዚህ ከቆመች እንግዳ ያያትና ያሳፍርዎታል። ልውሰድልዎት። ለዶሮዎቼ ውሃ ማጠጫ ትሆነኛለች።"

"ውሰዳት፣ ገላገልከኝ" አለች።

ቀበሮ ለዶሮዎቼ አላት እኮ፣ ልጆች። ቀበሮ፣ ለዶሮዎቹ። ጉሬዛ ግን አዲሲቱን እንስራዋን እያየች ነበርና አልሰማችውም።

በሦስተኛው ቀን ከርከሮ መጣች። ከርከሮ ሸክላ ሠሪዋ ናት። ያገሩ ማሰሮ፣ ድስት፣ ጀበና፣ ጋን፣ ሁሉም ከእሷ እጅ የወጣ ነው፤ ጭቃ ስታቦካ ተንበርክካ ውላ ጉልበቷ እንደ ተረከዝ ጠንክሯል። ያ አገር የሚያናድደኝ እዚህ ላይ ነው። የሠራችውን ድስት አቅፈው ይገባሉ፣ እሷን ከደጅ አያሳልፏትም። "ዓይኗ አይጥምም" ይላሉ። በድስቷ ይበላሉ፣ በማሰሮዋ ይጠጣሉ፣ እሷ ስትመጣ ልጅ ይሸሽጋሉ። እሷም ለምዳው ከአጥሩ ውጭ፣ ነፋስ ከማያደርሳት ቦታ ቆማ ነው የምታወራው።

"እመት፣ ይቅርታ ያርጉልኝ" አለች ከርከሮ ከአጥሩ ውጭ ሆና። "ያቺ ደጅዎ ላይ የቆመችው እንስራ የኔ ሥራ መሰለችኝ።"

ጉሬዛ ሳቀች። "ይህች የነገሥታት እንስራ ናት።"

"የንጉሥ እንስራም ሠሪ አላት፣ እመት። እኔ አንገቷን ከውስጥ የማለሰልሰው በእነዚህ ውጭ በወጡት ጥርሶቼ ነው። ሁለት ጥርስ ሳለኝ ሁለት መስመር ይቀር ነበር። ባለፈው ዓመት ጭቃ ስቆፍር ድንጋይ አንዱን ሰበረብኝ፤ ይኸው ይዩት። ከዚያ ወዲህ የሠራሁት ሁሉ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው። ልግባና እጄን አንገቷ ውስጥ ላስገባ። አንድ መስመር ካገኘሁ ዕድሜዋ ዓመት አይሞላም።"

"በዚያ ጭቃ እጅሽ? እዚያው ቁሚ።"

"እሺ፣ እኔ ልቅር። እርስዎ ራስዎ ይዳስሱት።"

"ባለ ዓይን ያያል፣ ዓይን የሌለው ይጠይቃል" አለች ጉሬዛ። "ዳሰሳ የዕውር ነው። በይ ሂጂ።"

ከርከሮ እጅ ነስታ ሄደች። ስትሄድ ጉሬዛ ወደ እንስራዋ ተጠጋች። እጇን አነሳች፣ እስከ እንስራዋ አፍ አደረሰችው፣ ከዚያ መለሰችው። ለምን መለሰችው? ፈርታ ነዋ። የማይፈልጉትን እውነት በእጃቸው መዳሰስ የሚወዱ ጥቂት ናቸው።

ጎረቤት ሁሉ እየመጣ አዲሲቱን እንስራ አደነቀ። "ከየት አገኘሻት?" ሲሏት ጉሬዛ ቀበሮ ሸጠልኝ ማለት አፈረች። "ከእናቴ ናት" አለች ለሚዳቋ። "እናቴም ከእናቷ" አለች ለጃርት። ለጥንቸል ሲደርስ ቅድመ አያት ተጨመረችበት። ውሸት አንዴ ከበቀለች ኩትኳቶ አትፈልግም።

መስከረም ጠባ። አደይ ሜዳውን ቢጫ አደረገው፣ አራዊትም ጌጥ እንስራቸውን ይዘው ዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። ዳኛው አባ ኤሊ ነበሩ። ያለፈውን ምርጫ ያየ ከእሳቸው በቀር አልቀረም፤ ሌላው ሁሉ አፈር ለብሷል። ከርከሮም መጥታለች፣ ግን ከሁሉ ኋላ፣ ከነፋሱ በታች ቆማለች።

በመጀመሪያ የሚዳቋ እንስራ ቀረበች። አባ ኤሊ መቀመጫዋን አገላብጠው አዩና "የአያት ናት፣ ደህና" አሉ። ቀጥሎ ጃርት እንስራውን እንዳቀፈ መጣ። ማቀፉ ነው የጎዳው፤ የእሱስ ይቅር።

ከዚያ ጉሬዛ ካባዋን አስተካክላ ቀረበች። የእንስራዋን ጋቢ ስትገልጠው ሸንጎው ሁሉ በአንድ አፍ "ኧረ ጉድ" አለ። ጥቁረቷ የአደዩን ቢጫ እንደ እሳት አስመስሎታል።

"ከማን አገኘሻት፣ ልጄ?" አሉ አባ ኤሊ።

ጉሬዛ ሸንጎውን አየች፣ ዋርካዋን ቀና ብላ አየች። "ከእናቴ ነው፣ አባ። እናቴም ከእናቷ" አለች።

"በሸንጎ ፊት ነው የምትናገሪው።"

"በሸንጎ ፊት።"

ቀበሮ ከኋላ ሆኖ ጺሙን ላሰ።

"እንግዲህ ዓይን ይሳሳታል" አሉ አባ ኤሊ። "ሸክላ ግን ውሃ ሲነካት ትናገራለች። የቆየች ሸክላ ስትርስ የመጀመሪያውን ዝናብ ትሸታለች። ውሃ አምጡ።"

ከምንጯ ውሃ ቀድተው ከእንስራዋ ትከሻ ላይ አፈሰሱባት። በመጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ ጥቁሩ መንጠባጠብ ጀመረ። በትከሻዋ ወረደ፣ በሆዷ ወረደ፣ ጥላሸት ሆኖ መሬት ላይ ተንጣለለ። በላዩ የቅቤ ዓይን ተንሳፈፈ። ከሥሩ ትናንት ከእሳት የወጣች የመሰለች ቀይ እንስራ ብቅ አለች። ከዚያ ሽታው መጣ፤ የዝናብ ሽታ አይደለም፣ ፍግ ነው። ለካ አሮጌ እንድትመስል ፍግ ውስጥ ተቀብራ ነው የከረመችው። ሚዳቋ አፍንጫዋን ያዘች። በጎቹ ግን ቤታቸው ቤታቸው ስለ ሸተታቸው ጠጋ ጠጋ አሉ።

ጉሬዛ ክው አለች። እንዲህ ክው ብላ አታውቅም።

አፏን ከፍታ ቃል ሳይወጣት ቀበሮ ሸንጎውን ሰንጥቆ ወጣ። "አባ ኤሊ፣ የደሃ እንስራ ቢታይ ምን ይለዋል?" አለና ያቀፈውን ጨርቅ ገለጠ።

አንዲት ጎባጣ፣ አመድ የመሰለች፣ አንድ ጆሮ ያላት እንስራ።

አያችሁ? ለዶሮ ውሃ ማጠጫ የሄደችው ናት። አባ ኤሊ በእጃቸው ውሃ ዘግነው ረጩባት፤ ወዲያው የሰኔ የመጀመሪያ ዝናብ ደረቅ መሬት ላይ ሲወርድ የሚሸተው፣ ያ ሽታ ሸንጎውን ሞላው። በጎቹ እንኳ አፍንጫቸውን ወደዚያ አዞሩ። መቀመጫዋን ገለበጡት፤ ማቶት የበላው ጠርዟ እንደ ወንዝ ድንጋይ ለስልሷል። "ዕድሜዬን ሁሉ እንዲህ ያለች ያየሁት አንዴ ብቻ ነው" አሉ አባ ኤሊ።

ጉሬዛ ያን ጊዜ ነው የገባት። ቀበሮ እንስራ ሊሸጥላት አልመጣም፤ እንስራ ሊወስድባት ነው የመጣው። ጓዳዋ ውስጥ ካገሩ ሁሉ ያረጀችው እንስራ ቆማ ነበር፣ እሷም በእጇ አንስታ፣ "ገላገልከኝ" ብላ ሰጠችው። ክው አለች።

"የእናቴ ናት" አለች፣ በጣቷ እያሳየች። "ያቺ የእናቴ እንስራ ናት። ለዶሮዎቼ ብሎ ነው የወሰዳት።"

"ለምኖቹ?" አለች አንዲት ዶሮ ከኋላ። ዶሮዎቹ ተያዩ። አንዷ ልጆቿን መቁጠር ጀመረች።

ቀበሮ ግን አልደነገጠም። እስከዚያ ቀን "እርስዎ" ሲላት የነበረው አፍ አሁን ተለወጠ። "አንቺ" አላት። "አሁን በሸንጎ ፊት የእናቴ ያልሻት ያቺኛዋን አይደለም? ስንት እናት ነው ያለሽ? ይህች የአያቴ ናት። ባለ ዓይን ያያል፣ ዓይን የሌለው ይጠይቃል።"

ሸንጎው አጉረመረመ። ጉሬዛ እውነቱን ብትናገር ውሸታም ናት፣ ዝም ብትል ዋርካዋ ሄደ። ምንጯም በቀበሮ እጅ ልትገባ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጠቦት ውሃ ሊጠጣ ሲወርድ ምን እንደሚያገኘው እናንተም ታውቁታላችሁ። ያን ያደረግኩት እኔ ነኝ ብላ ስታስብ እንባዋ በካባዋ ላይ ወረደ።

"እኔ እናትሽ ሲመረጡ ነበርኩ" አሉ አባ ኤሊ ቀስ ብለው። "የእናትሽ እንስራ እንዲህ ጎበጥ ያለች ናት። ግን ሁለት ጆሮ ነበራት። አያ ቀበሮ፣ የዚችኛዋ ጆሮ ምን ሆነ?"

"አያቴ ሲያወርዳት ተሰበረ" አለ ቀበሮ ወዲያው። "ገሉ ያኔውኑ ተጣለ። የድሮ ነገር ነው፤ ማን ገል ያስቀምጣል?"

"እኔ ዘንድ አለ።"

ሸንጎው ሁሉ ዞረ። ከነፋሱ በታች፣ ከሁሉ ኋላ፣ ከርከሮ ነበረች። ከብብቷ አንድ ጨርቅ አወጣች፤ ጨርቁን ስትፈታው ጆሮ ያለው፣ ጥቁር፣ መዳፍ የሚያህል ገል ወጣ። ወደ ፊት ሁለት እርምጃ ሄደችና እንደ ልማዷ ቆመች።

"ቅረቢ" አሉ አባ ኤሊ። "ዛሬ ቅረቢ።"

ቀረበች። ገሉን የእንስራዋ ትከሻ ላይ ገጠመችው። ገባ። ከንፈር ከንፈርን እንደሚገጥም ገባ፤ ፀጉር እንኳ በመሀሉ አያልፍም።

"አንድ ክረምት ዝናቡ አላቋርጥ ብሎ የብዙው ቤት እሳት ጠፍቶ ነበር" አለች ከርከሮ። "እኔም ልጆቼ በብርድ ሲያልቁብኝ እሳት ልለምን ወጣሁ። ከየደጁ መለሱኝ። እዚህ ዋርካ ሥር ስደርስ የእመት ጉሬዛ እናት ጌጥ እንስራቸውን ከሚያፈሰው ጣሪያ ሲያሸሹ ጆሮዋ ተሰብሮባቸው ሲያለቅሱ አገኘኋቸው። እያለቀሱ ነው ያዩኝ። ያን ገል አንስተው ፍም አደረጉበትና፣ ደጅ አትቁሚ ልጄ፣ ግቢና ሙቂ አሉኝ። እኔ ግን ሰው ያያቸዋል ብዬ ፈራሁላቸው፤ አልገባሁም። ፍሙን ይዤ ሄድኩ፣ ልጆቼ ተረፉ። ያቺን ቀይ እንስራ ግን ይህ አያ ቀበሮ ነው አዞ ያሠራኝ፤ ደብቄ አላውቅም፣ ደጅ ቆሜ ተናግሬ ነበር።"

አባ ኤሊ ጥንቸልን ጠሩና እጇን ቀይዋ እንስራ አንገት ውስጥ አስገቡ። "አንድ መስመር" አለች ጥንቸል። ከርከሮ አፏን ከፍታ የተሰበረ ጥርሷን አሳየች።

ቀበሮ ዞር ዞር ብሎ መውጫ ፈለገ። ዶሮዎቹ ግን ከኋላው ቆመው ነበር፤ በዕድሜያቸው ያን ቀን ብቻ ቀበሮን ከበቡት። "ከዛሬ ጀምሮ ከሁሉ በኋላ፣ ከምንጯ በታች ትጠጣለህ" አሉት አባ ኤሊ። እስከ ዛሬ ቀበሮ ውሃ ሲጠጣ አንዴ ይልሳል፣ ሁለቴ ዞር ብሎ ያያል።

"እንግዲህ ምንጯ የጉሬዛ ነች" አለች ሚዳቋ።

"አይደለችም" አሉ አባ ኤሊ።

ጉሬዛ ቀና አለች።

"ሕጋችን ያለው አይልም፣ ያቆየ ነው የሚለው። ጉሬዛ አውጥታ ሰጠች። በሸንጎ ፊትም ዋሸች። ቀበሮ አታሎ ወሰደ። ከዚች እንስራ ሥጋ ሳትጥል ያቆየች ማናት?"

"ገል እኮ ነው" አለ ቀበሮ ከዶሮዎቹ መሀል። "ገል ያቆየ ምንጭ ይጠብቃል?"

"ለሸክላ ሠሪ ገል ዱቄቷ ነው" አሉ አባ ኤሊ። "ፈጭታ ጭቃዋ ውስጥ ትጨምረዋለች፤ እሳት ሸክላዋን እንዳይሰነጥቅባት። ይህች ሴት ያገኘችውን ገል ሁሉ ስትፈጭ ኖራ ይችን አንዷን አልፈጨችም፣ ውለታ አለባት ብላ። የሚጠቅማትን ለውለታ ብላ ያልነካች፣ ውሃችንን አትነካም። ምንጯ የከርከሮ ናት።"

ሸንጎው ክው አለ። ልጅ ይሸሽጉባት የነበሩት ሁሉ ከነገ ጀምሮ ከእሷ እጅ ሊጠጡ ነው። ጃርት ብቻ ቀስ ብሎ መንገድ ለቀቀላት።

ጉሬዛ ወደ ዋርካዋ ወጣች፣ ዕቃዋን ስትሰበስብ ሁለት ቀን ቆየች። አልበላችም፣ እሳቷንም ረስታው ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የመስከረም ካፊያ ጣለ፤ በረዳት። ጎረቤት ሄዳ እሳት እንዳትለምን የዋሸቻቸው ጎረቤቶች ናቸው። በመጨረሻ፣ ሸንጎው ሲበተን በግርግሩ ከተሰበረችው ቀይ እንስራ አንድ ገል አነሳችና ወደ ሸክላ ሠሪዋ ጎጆ ወረደች። ከአጥሩ ውጭ፣ ከርከሮ ዘወትር በምትቆምበት ርቀት ያህል ቆመች። መጣራት አፈረች። ካባዋ በካፊያው ረጠበ።

ከርከሮ ጭቃዋን ስታቦካ ቀና ብላ አየቻት።

"እሳት ጠፍቶብኝ ነው፣ እመት ከርከሮ" አለች ጉሬዛ ገሉን ወደ ፊት ዘርግታ።

"ደጅ አትቁሚ ልጄ፣ ግቢ" አለች ከርከሮ።

ጉሬዛ ክው አለች። በተንኮል ክው ብላለች፣ በውርደት ክው ብላለች፤ በደግነት ክው ብላ ግን አታውቅም። እግሯ አልንቀሳቀስ አላት።

"እኔ ያኔ ፈርቼ አልገባሁም" አለች ከርከሮ። "እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አንቺ ግቢ።"

ገባች። ከጎጆው ጥግ፣ አዲስ ማቶት ላይ፣ ከምንጯ ጋር ለከርከሮ የተሰጠችው የእናቷ እንስራ ቆማለች። የተሰበረው ጆሮ ከቦታው ተደግፎላታል፣ አፏም አደይ ሞልቶበታል። ጉሬዛ አጠገቧ ተንበረከከችና ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን አንገቷ ውስጥ አስገባች። ሁለት መስመር ነበረ።

"የአያቴ ሥራ ናት" አለች ከርከሮ ፍሙን እየቆሰቆሰች። "በይ እሳቱን ይዘሽ ተመለሽ። እኔ ዋርካ መውጣት አልችልም፣ በዚህ ጉልበቴ። አንቺ ከላይ ሆነሽ ቀበሮ ሲመጣ ንገሪኝ፣ እኔ ከታች ሆኜ ውሃውን እጠብቃለሁ።"

ተረቴ ማቶቷ ላይ ተቀመጠች፤ እናንተም ስትነሱ እንዳትገፏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያ አገር ሽማግሌዎች እንዲህ ይላሉ፦

እንስራዋን ወዳ፣ ሠሪዋን ጠልታ፣
ገል ይዛ ተገኘች ደጅ ጠንታ።